ስለ ጎማ አይልም

እትዬ ናይሪ ዊልቸራቸው ላይ ተቀምጠው የቀኝ ጫማቸውን ሶል በብሩሽ ይፈትጋሉ። በጫካው በር ላይ «ለሁሉም የሚሆን ቀላል መንገድ፤ እስከ ሐይቁ አርባ ደቂቃ» ተብሎ ተጽፏል። ጫማውን ሳያጸዳ የሚገባ ሰው የለም፤ ከውጭ የመጣ ጭቃ ካውሪ የተባለውን ትልቅ ዛፍ ሥር የሚያበሰብስ በሽታ ይዞ ይገባል።

«ይሄ ጫማ አፈር ከረገጠ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው» አሉ።

«ደንብ ነው፣ እትዬ» አለ በር ጠባቂው ዊሬሙ።

ግራውንም ፈተጉ። ዊሬሙ ሁለቱን ሶሎች ጎንበስ ብሎ መረመረና በሩን ከፈተ።

«ይለፉ።»

እትዬ ናይሪ አልተንቀሳቀሱም። ሊያዩ የመጡት ሐይቁ ዳር ያለውን ካውሪ ነው፤ አባታቸው ከመጋዝ ያስጣሉት ዛፍ ነው። የዊልቸሩ ጎማዎች ደግሞ ከበግ በረታቸው ባመጡት ጭቃ ተለብጠዋል።

«ጎማውስ?»

ዊሬሙ የተለጠፈውን ደንብ ከላይ እስከ ታች አነበበ።

«ስለ ጎማ አይልም።»

«ዛፉ ማንበብ ይችላል እንዴ?»

ዊሬሙ ትንሽ አሰበ።

«አይመስለኝም» አለና ብሩሹን ተቀብሎ ጎማው ሥር ተንበረከከ።

«ከውስጥ በኩልም፣ አንተ ሰነፍ! እናትህ ድስት ስታሳጥብህ እንዲህ ነበር የምታጥበው?»

«እናቴን ይተዉአት፣ እትዬ።»

ጎማዎቹ በሙሉ ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጁ። ዊሬሙ በሽታውን የሚገድል መድኃኒት ረጨባቸው፤ ብሩሹንም አራግፎ በሩ ላይ ካለው ምስማር ሰቀለው። እትዬ ናይሪም ጎማቸውን እየገፉ በሩን አለፉ።