ቀጥቃጩ በአራተኛው ዘፈን ሞተ

ጀግናው ያለጊዜው ሞተባቸው። አንድ ታሪክ የሚተርከው አልበማቸው ዘጠኝ ዘፈን ሊኖረው ሲገባ፣ የታሪኩ ጀግና ብረት ቀጥቃጩ በአራተኛው ላይ ግንብ ተንዶበት አረፈ። ጥፋቱ የጊታር መቺው ነው፤ ለሞቱ ያወጣት ዜማ ስለጣፈጠችው እስከ መጨረሻው መታገሥ አቃተው።

ዘፋኟ የጊታር መቺው ታናሽ እህት ናት። በሄቪ ሜታል ባንዳቸው ሕግ፣ መሣሪያ ከመነካቱ በፊት ታሪኩ በአፍ ይወራል፤ አንዱ ሲያወራ ሌላው «ከዚያስ?» ይላል። የተቀዳ ደግሞ አይሰረዝም። ሕጉን ያወጣችው ራሷ ናት። እስካሁን ቀጥቃጩን ሆና ስትዘፍን ቆይታ፣ አሁን የምትሆነው ሰው አጣች።

«የቀረውን በጊታር እንሙላው» አለ ወንድሟ።

«እኔስ? ገመድ ልጠቅልልልህ?»

«ኧረ እህት ዓለም፣ ውሃም ታቀብያለሽ።»

«ዝም በል! ሰው ገድለህ ደግሞ ትቀልዳለህ።»

ድራም መቺው ሳቀ። ጭምት ይሉታል፤ የሚለማመዱበትን ጋራዥ፣ ድምፅ እንዳይወጣ ከተለበጠበት ፍራሽ ጋር የሚያናውጠው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ከአፉ ቃል የሚወጣው በመከራ ነው።

«እስቲ የቀዳነውን አሰሙኝ» አለች።

በቅጂው ውስጥ ግንቡ ተናደ። ጊታሩ አልቅሶ አልቅሶ ዝም አለ። ከዚያ፣ ጭምት ለመዶሻ ድምፅ ያመጣው የሐዲድ ቁራጭ፦ ቋ። ቋ። ቋ።

«አንተ! ሰውየው ከሞተ ምን ትመታለህ?» አለ ወንድሟ።

ጭምት አቀረቀረ። «እጄ ቀጠለ። ይቅርታ።»

«እንግዲህ አይሰረዝም» አለ ወንድሟ፣ ፊቱን አጨፍግጎ።

እሷ ግን ጆሮዋን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጋች። ሰውየው ግንብ ሥር ነው፤ መዶሻው ይመታል።

«ማን ነው የሚመታው?» አለች።

«ሚስቱ?» አለ ጭምት።

«አላገባም።»

«እናቱስ?»

«በሁለተኛው ቀበርናት» አለ ወንድሟ።

«በመጀመሪያው ዘፈን የምድጃው ወናፍ ይነፋል አይደል? በራሱ ነው የሚነፋው? እህት አለችው። ታናሽ። ስትነፋለት የኖረች፣ እናንተ ዞር ብላችሁ ያላያችኋት» አለች።

ወንድሟ ጊታሩን ከአንገቱ አወረደ። ሳቁ ሲመጣበት አፈነው።

«ከዚያስ?» አለ።

«ከዚያማ አምስት ዘፈን ነዋ! አንተ ሞተሃል፣ ቁጭ በል።»

ጃኬቷን አነሳች።

«ወዴት ነው?» አለ ወንድሟ።

«ድምፄን ላሳርፍ። ነገ ምድጃው የእኔ ነው።»

ጭምት ሐዲዱን መምታት ጀመረ። ምቱ ልክ እንደሆነ ለማወቅ የበሩ ደፍ ላይ ቆማ ሰማችውና ወጣች፤ በሩንም ዘጋችው።