ለአባ ኮዳ የሚሆን ወረቀት

በ1996 ዓ.ም. ኅዳር መግቢያ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሳያት ብስክሌቷን መናኸሪያ አጠገብ ባለው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ በር ላይ አስደግፋ፣ የተጠቀለለ ወረቀት በብብቷ ይዛ ገባች። ባለሱቁ አብዱልፈታህ ገና ፊቷን ሲያዩ ነገሩ ገባቸው።

«እሺ፣ እንዴት ሆነልሽ?»

«ይዩት፣ ጋሽ አብዱልፈታህ» ብላ ጥቅሉን ባንኮኒው ላይ ዘረጋችው። በውሃ ቀለም የሣለችው አባ ኮዳ፣ ሐይቅ ዳር የዓሣ ትራፊ የሚጠብቀው ያ ራሰ በራ ትልቅ ወፍ፣ አንገቱ ከትከሻው ተነጥሏል። ግራጫው ቀለም፣ እንሰት ቅጠል ላይ እንዳረፈ ዝናብ፣ እዚህም እዚያም ነጠብጣብ ሆኖ ቀርቷል።

አብዱልፈታህ ሳቃቸውን ሊውጡ ሞክረው አልቻሉም። «ትናንት ምን አልኩሽ? የሚያብረቀርቅ ወረቀት ለሠርግ ጥሪ ነው አላልኩም? አንቺ ግን ‹ለሆቴል ነው፣ ምርጡን ይስጡኝ› ብለሽ ድርቅ አልሽ።»

ሳያት አፍራ ሳቀች። እውነታቸውን ነው። የከተማው ገዢ ሁሉ ጥሩ ወረቀት የሚያብረቀርቅ ይመስለዋል፤ እሷም የሥዕል አስተማሪ ሆና ሳለ ከዚያ አላመለጠችም። ከዚያ በፊት በታይፕ ወረቀት ሞክራ ነበር፤ እሱ ደግሞ ቀለሙን ጠጥቶ ወፉን አሳበጠባት። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአንድ ሐይቅ ዳር ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ናሙናዋን ያያል። ከወደደው ለአሥር ክፍሎች የሐይቁን ወፎች የምትሥለው እሷ ናት፤ ካልወደደው ከአዲስ አበባ ፖስተር ያስመጣል። አራት ዓመት ሙሉ በጠመኔ የሣለችው ሁሉ በዳስተር ጠፍቷል። ግድግዳ ላይ የሚቀር ሥዕል ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ዛሬ እኔ ነኝ የምመርጥልሽ» አሉ አብዱልፈታህ፤ ከጓዳ ሦስት ዓይነት ወረቀት ይዘው ተመለሱ። ሱቅ ከመክፈታቸው በፊት ሃያ ዓመት ማተሚያ ቤት ሠርተዋል፤ ወረቀት የሚፈትኑትም በምላሳቸው ነው። የአንዱን ጫፍ ወደ አፋቸው አስጠግተው ድንገት ቆሙ።

«አስተግፊሩላህ! ረመዳን መሆኑን አስረሳሽኝ እኮ!»

እስክሪብቶ የሚደረድሩት ባለቤታቸው ኡሙልኸይር ከኋላ «ሃያ ቀን ጾመህ በወረቀት ልታፈጥር ነው?» አሏቸው።

«እንግዲያው ሳያት ትቅመስ። እሷ ጴንጤ ናት፤ ጾም የለባትም።»

«ምኑን ነው የምቀምሰው?»

«ጫፉን ላስ አድርጊው። ምላስሽን ከያዘው ቀለምሽን ይጠጣብሻል። ካንሸራተተሽ ይተፋብሻል። የምንፈልገው መሐል ያለውን ነው።»

ሳያት ተማሪ እንዳያያት ወደ በሩ ገልመጥ ብላ ላሰች። የመጀመሪያው ምላሷ ላይ ተጣበቀ። ሁለተኛው እንደ ሳህን አንሸራተታት። ሦስተኛው፣ ወፍራሙና ነጭነቱ ወደ ወተት የሚያደላው፣ ነካ አድርጎ ለቀቃት።

«ለቀቀኝ!»

«እሱ ነው። ግን አትቸኩይ፤ ሁለቱንም ጎን በጣትሽ ዳብሺው። ሻከር ያለው የሚሣልበት ፊቱ ነው።»

ቤቷ ሩቅ ስለነበር፣ ሥዕሉም እስከ ዘጠኝ ሰዓት መድረቅ ስላለበት፣ እዚያው ባንኮኒው ላይ ጠርዙን በፕላስተር ለጥፋ፣ ቀለምና ብሩሿን ከቦርሳዋ አውጥታ ተቀመጠች። ኡሙልኸይር ውሃ በኩባያ አመጡላት፦ «እኛ ባንጠጣ ብሩሽሽ ይጠጣ።» ግራጫው ባኖረችው ቦታ ረግቶ ጠበቃት። የራሰ በራው አናት ጥርት ብሎ ደረቀ። ብሩሹ ፈጠን ብሎ ባለፈበት ደግሞ የወረቀቱ ሸካራነት ትንንሽ ነጫጭ ነጥቦች ትቶ፣ ሐይቁ ላይ ፀሐይ ያረፈች አስመሰለው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ አቶ እስራኤል ቢሮው ውስጥ ሥዕሉን ወደ ብርሃን አዞረው።

«አያብረቀርቅም» አለ።

ሳያት ቀና ስትል ከጠረጴዛው ትይዩ የተሰቀለውን የሚያብረቀርቅ የፏፏቴ ፖስተር አየች።

«ከተቀመጡበት ሆነው እዚያ ላይ ምን ይታየዎታል?»

አቶ እስራኤል አንገቱን ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ዘንበል አደረገ። «የመስኮቱ ነጸብራቅ» አለና ሳቀ። «የሚገርም ነው! ሦስት ዓመት ስቀመጥ ይህን ፏፏቴ ሙሉውን አይቼው አላውቅም።»

«የሚያብረቀርቅ ከሰቀሉ እንግዳዎም አልጋው ላይ ሆኖ የሚያየው መስኮቱን ነው።»

«በቃ፣ አሥሩንም ሣይው። ግን ይህን ራሰ በራ የትኛው ክፍል ላስገባው? እንግዳዬን እንቅልፍ ይነሳዋል።»

«ምግብ ቤቱ ውስጥ ይስቀሉት፤ ዓሣ ከሚበላ ሰው አጠገብ መቆም ልማዱ ነው።»

አቶ እስራኤል ከወንበሩ ተነስቶ ራሱ ሚስማር ፍለጋ ወጣ።