እሷም አለች

«ይኼ ጠቦት እንዴት ሆኖ ሦስተኛ ይወጣል?» አለች ወለተሐና፣ ጣቷን ከቃለ አብ ስክሪን ላይ ሳታነሳ። «እኔ ጋ እኮ አሥራ ዘጠነኛ ነው!»

ቃለ አብ ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ አንሸራተተ። በደብረ ብርሃኑ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ፕሮጀክት በስታትስቲክስ ባለሙያነት ከተቀጠረ ገና ሦስት ወሩ ነው፤ ከወለተሐና ጋር ክርክር ገጥሞ ያሸነፈ ሰው እስካሁን እንዳልተገኘ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ተነግሮታል።

«እኔ ያንቺን ዝርዝር ማመሳከር ብቻ ነው የተሰጠኝ» አለ። «ጋሽ ኃይለ ገብርኤል ‹አንተም በምታውቀው የኮምፒውተር ቋንቋ ሥራውና እንየው› ስላሉኝ ‹R› በሚባለው የስታትስቲክስ ቋንቋ ሠራሁት። ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራት ሦስተኛ ወጣ።»

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሆኗል። በስምንት ሰዓት የመዘዞ ገበሬዎች መቶ ስምንት ጠቦቶቻቸውን እየነዱ በመንደሩ በረት ይሰበሰባሉ። ከመቶ ስምንቱ አሥሩ ተመርጠው ለመንደሩ በጎች ሁሉ አባት ይሆናሉ፤ የቀሩት እዚያው ይኮላሹና ሙክት ይሆናሉ። ከዚያ ወዲያ «ለካ ተሳስተን ነው» ቢባል ለጠቦቱ የሚተርፈው ነገር የለም። የትኛው እንደሚመረጥ የሚለየው ደግሞ የወለተሐና ፕሮግራም ነው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። መዘዞ ያለው መዝጋቢ ሰይፈሥላሴ ቤት ለቤት እየዞረ ግልገል ይመዝናል፤ የመዘነውን በታብሌት ይሞላል፤ ታብሌቱ ደግሞ ኤክስኤምኤል የሚባለውን ፋይል ወደ ደብረ ብርሃን ይልካል። ፋይሉ ከረጢት ውስጥ ሌላ ከረጢት እንዳለ ያህል ነው፤ ትልቁ ከረጢት ላይ የእናቲቱ በግ ቁጥር ተጽፏል፣ በውስጡ እያንዳንዱ ወሊድ አለ፣ በወሊዱ ውስጥ ደግሞ ግልገልና ክብደት። የወለተሐና ፕሮግራም ከረጢቶቹን ይፈታል፣ የጠቦቱን የራሱን ክብደት ያያል፣ እናቱ ያሳደገቻቸውን ግልገሎች ይደምራል፣ ደረጃ ያወጣል።

ወለተሐና የአረርቲ ልጅ ናት። ከደብረ ብርሃን ብርድ ጋር በአምስት ዓመት ውስጥ አልተስማማችም፤ ቢሮ ውስጥ ጋቢ ደርባ ነው ኮድ የምትጽፈው። በሥራዋ ግን ትኮራለች፤ ኩራቷም ያለ ምክንያት አይደለም። የመጀመሪያውን ፕሮግራም ፒኤችፒ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ጽፋ ሁለት ዓመት ያለ እክል ሠርቶላታል። ዘንድሮ ፋይሉ ሲበዛና ፕሮግራሙ ሲያዘግም ፓይተን በሚባል ሌላ ቋንቋ እንደገና ጻፈችው፤ የአምናውን መረጃ በሁለቱም አስነብባ ስታስተያይ አንድ ነጥብ እንኳ አልተዛነፈም። ያን ቀን ለቢሮው ሰው ሁሉ ሻይ ጋብዛ ነበር።

«ሁለት ለአንድ ነው» አለችው ለቃለ አብ። «ፒኤችፒውም ፓይተኑም አሥራ ዘጠነኛ ይላሉ። ያፈነገጠው ያንተ ብቻ ነው።»

«ላይብረሪው እኮ አንድ ነው» አለ ቃለ አብ፣ ቀስ ብሎ። «ሦስቱም ቋንቋዎች ከሥር የሚጠሩት ያንኑ ላይብረሪ፣ በሲ ቋንቋ የተጻፈውን ዝግጁ ፕሮግራም ነው። ለሦስቱም ፋይሉን የሚያነብላቸው እሱ ነው። እንዴት ለእኔ ብቻ ሌላ ነገር ያነባል?»

«እሱማ ያው ነው። ችግሩ አጠያየቅህ ላይ ነው።»

ይህን ስትል እውነቷን ነበር። የሳተችው የማን አጠያየቅ እንደሆነ ብቻ ነው።

የፕሮጀክቱ አስተባባሪ አቶ ኃይለ ገብርኤል ድምፃቸውን ሰምተው ከቢሯቸው ወጡ። ከበግ ጋር ሃያ ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው፤ ነገር ሲረዝም አይወዱም።

«የማን ጠቦት ነው?»

«የወይዘሮ አስካለ» አለች ወለተሐና።

«እናቱስ ስንት አሳድጋለች?»

«በሦስት ወሊድ አምስት» አለ ቃለ አብ።

«በሦስት ወሊድ ሦስት» አለች ወለተሐና እኩል።

አቶ ኃይለ ገብርኤል ሳቁ። «አምስት! የኔ ልጅ፣ አንተ የመዘዞን ሰው አታውቀውም። መንታ ሲወለድለት የሰው ዓይን ያርፍበታል ብሎ ለጎረቤቱ እንኳ አይናገርም፤ ለእኛ ሊናገር ነው? ሁለት ዓመት ሙሉ መዘዞ ላይ መንታ የሚባል አላየንም። ሪፖርቱ ላይም ጽፌዋለሁ፣ አርቢው ይደብቃል ብዬ። የእሷን ዝርዝር ላኩት።»

ወለተሐና ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበች። መላኩ አንድ መጫን ነው የቀረው። ነገር ግን ያ «አምስት» የሚለው ቁጥር እንደ ጫማ ጠጠር ቆረቆራት። ከየት አመጣው? የተሳሳተ ፕሮግራም ግልገል ይጥላል እንጂ ያልተወለደ ግልገል አይፈጥርም። እንግዲያው ጭቅጭቁ ሊቆም ብላ፣ እውነቱን ለመናገርም ቃለ አብን ዝም ልታሰኝ ብላ፣ ስልኳን አንስታ ለሰይፈሥላሴ ደወለች። ሁሉም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ሰይፈ፣ የእትዬ አስካለ በግ በጠቅላላው ስንት ወልዳለች?»

«ኧረ ቀስ በይ!» አለ ሰይፈሥላሴ። «አጠገቤ ናቸው፤ ጠቦታቸውን ይዘው በጠዋት መጥተዋል። ራሳቸውን አነጋግሪያቸው።»

ሰላምታው ረዘም አለ። ወይዘሮ አስካለ ስለ ብርዱ፣ ስለ አረርቲ ዘመዶቿ፣ ስለ ጤናዋ ጠየቁ። ወለተሐና እንደምንም ወደ ጉዳዩ ገባች።

«እትዬ አስካለ፣ የጠቦቱ እናት ስንት ግልገል ሰጠችዎት?»

ወይዘሮ አስካለ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ይጠየቃል? ሰው እኮ ይሰማል።»

አቶ ኃይለ ገብርኤል «አላልኳችሁም?» በሚል ዓይን አዩአቸው። ወለተሐና ግን ጥያቄዋን ለወጠች። «እሺ፣ ቁጥሩ ይቅር። ስትወልድ ለሰይፈ እንዴት አድርገው ነው የሚያስመዘግቡት?»

«እንዴት አደርጋለሁ፤ አምጥቼ ሚዛኑ ላይ አስቀምጣለሁ። ይኼንን ጠቦትም እንደዚያው ነው ያስመዘንኩት። እሱን መዝኖ ሲጨርስ ነጠላዬን ገለጥ አደረግሁና ‹እሷም አለች› አልኩት፣ እህቱን። እሷንም መዘናት። ቁጥር ከአፌ አይወጣም እንጂ እኔ ደብቄ አላውቅም። የምን መደበቅ!»

ሰይፈሥላሴ ስልኩን ተቀበለ። «‹ብዛት› የሚለውን ጥያቄ እዘለዋለሁ፣ ወለተሐና። ማንም አይመልስልኝም። ‹እሷም አለች› ሲሉኝ እዚያው ወሊድ ውስጥ ሌላ ግልገል ብዬ እጨምራለሁ። መንደሩ ሁሉ እንደዚህ ነው።»

ወለተሐና ስልኩን ሳትዘጋ ጥሬውን ፋይል ከፈተች። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ፋይል በፕሮግራም እንጂ በዓይኗ አይታው አታውቅም። የወይዘሮ አስካለን በግ ፈልጋ አገኘች። የመጀመሪያው ወሊድ፣ አንድ ግልገል። ሁለተኛው ወሊድ፣ አንድ ግልገል፤ ከሥሩ ሌላ ግልገል። ሦስተኛውም እንደዚያው። አምስት።

ከዚያ የራሷን ኮድ አየች። በፓይተን የጻፈችው ትእዛዝ «ግልገል ፈልግ» የሚል ነው፤ ላይብረሪውም ታዞ የመጀመሪያውን ግልገል ያመጣላትና ሥራውን ይጨርሳል፤ ሌላም አለ አይላት፣ ማን ጠይቆት! በፒኤችፒው ደግሞ ትእዛዝ እንኳ አላስፈለጋትም፤ «የወሊዱ ግልገል» ስትለው ከሁለቱ የመጀመሪያውን ዝም ብሎ ይሰጣታል። ቃለ አብ ግን አዲስ ስለሆነ፣ በአንድ ወሊድ ስንት እንደሚኖር ስለማያውቅ፣ «ግልገሎችን ሁሉ ፈልግ» ብሎ ጽፏል። እሷ ግን ፕሮግራሙን ልትጽፍ ፎርሙን ስታይ «ብዛት» የሚለው ቦታ ባዶ ነበር። ባዶ ማለት አንድ ማለት ነው ብላ ወሰነች፤ ማንንም አልጠየቀችም።

ደነገጠች። ከድንጋጤው በኋላ የመጣው ሐፍረት ግን የባሰ ነበር፤ ጋቢው ውስጥ ፊቷ ጋለ።

«ሁለት ለአንድ አልነበረም» አለች። «ሁለቱንም የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። አንዱን ስህተት ነው በሁለት ቋንቋ የጻፍኩት።»

ማስተካከሉ ሩብ ሰዓት አልፈጀም፤ ሁለት መስመር ብቻ ነው። ሦስቱም ፕሮግራሞች አሁን አንድ ዝርዝር አወጡ። ቃለ አብ «ተስማሙ!» ብሎ እጁን ሊያጨበጭብ ሲል ወለተሐና አስቆመችው። «መስማማታቸውንማ በፊትም አይቼዋለሁ» አለችው። አምስት መንታ ወሊዶች መርጣ ለሰይፈሥላሴ ላከችለት፤ ቀድመው በረቱ ጋ የደረሱትን ባለቤቶች አንድ በአንድ፣ ቁጥር ሳይጠራ፣ እንዲያረጋግጥላት። ብዙም ሳይቆይ መልሱ መጣ፤ አምስቱም ልክ ናቸው።

ከአሥሩ ተመራጮች ሦስቱ ተቀየሩ። ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራት ሦስተኛ ሆነ። ከዚያም ማንም ሳያዛት ያለፉትን ሁለት ዓመታት ፋይሎች አስነበበች። በሁለቱ ዓመታት ከተመረጡት ሃያ ጠቦቶች ሰባቱ መመረጥ አልነበረባቸውም። መመረጥ የነበረባቸው ሰባቱ ሙክት ሆነው ሄደዋል።

አቶ ኃይለ ገብርኤል ቁጥሩን ቆመው አነበቡት። «ያለፈው አለፈ» አሉ በመጨረሻ። «አዲሱን ዝርዝር ለሰይፈሥላሴ ላኪለት። ሰባቱን አታንሺ። ገበሬው እምነቱን ካጣ ከርሞ ጠቦት አያመጣልንም።»

«ጋሼ፣ እኛ እኮ ይደብቃሉ ብለን ጽፈናል። እነሱ አንድም አልደበቁም።»

አቶ ኃይለ ገብርኤል መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉት። የመዘዞን ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ አውቀዋለሁ ሲሉ ኖረዋል።

«ጻፍን አትበዪ» አሉ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሱን እኔ አስተካክለዋለሁ።»

«እንግዲያው የኔን እኔ ላስተካክል። ዝርዝሩን ይዤ እሄዳለሁ።»

ከመናኸሪያ ሚኒባስ አግኝታ መዘዞ ስትደርስ ሰባት ሰዓት ተኩል ነበር። ነፋሱ ከደብረ ብርሃኑ ይብሳል። በረቱ ዙሪያ ሰውና በግ ተቀላቅሎ ቆሟል፤ የሚያኮላሸው ባለሙያ መሣሪያውን ጨርቅ ላይ ዘርግቶ ይጠብቃል። ወይዘሮ አስካለ ጥግ ይዘው የጠቦታቸውን ገመድ እጃቸው ላይ ሁለቴ ጠምጥመዋል። ሌላ አውራ የላቸውም፤ የዚህች እናት ዘር እንዳይጠፋባቸው ሦስት ዓመት የጠበቁት ይህን ቀን ነው።

ወለተሐና ድንጋይ ላይ ወጣች። ስትናገር የገዛ ራሷን ስህተት የምታስረዳ አትመስልም ነበር። መንታ የወለዱ በጎችን ፕሮግራሟ አንድ ብቻ እንደወለዱ አድርጎ ሲያነብ እንደነበር፣ ፕሮግራሙን የጻፈችው እሷ እንደሆነች፣ በሁለት ዓመት ሰባት ጥሩ ጠቦቶች በዚህ ምክንያት እንደቀሩ ነገረቻቸው። ሰይፈሥላሴ ሁሉንም በትክክል እንደመዘገበ፣ እነሱም አንድ ነገር እንዳልደበቁ ጨምራ ተናገረች።

ከዚያ የመራጭ ኮሚቴው ሽማግሌ የሆኑት ቄስ በመቋሚያቸው ተደግፈው ወደ ፊት ወጣ አሉ።

«ያምናው ጥቁር ጠቦቴስ? ከሰባቱ ነው?»

ወለተሐና ወረቀቷን አየች። ማለፍ አማራት፤ አላለፈችውም። «ነው፣ አባ። አንደኛ መውጣት ነበረበት።»

ቄሱ አንገታቸውን ነቀነቁ። «ለትንሣኤ አረድነው» አሉ። ቀጥለውም፣ «እውነትሽን ነው፣ ሥጋውም አንደኛ ነበር» ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ ግን ቄሱ ኮስተር አሉ። «ያ ዘር ቀርቶብኛል፤ ቅር ብሎኛል። መጥተሽ መናገርሽ ግን ደግ ነው። የዘንድሮውን ጮክ ብለሽ አንብቢ፣ እንስማ።»

ዝርዝሩ አራት ዓምድ አለው፤ ደረጃ፣ የጠቦቱ ቁጥርና የባለቤቱ ስም፣ ክብደት፣ በመጨረሻም የእናቱ ግልገሎች ብዛት። ቢሮ ውስጥ ስታትመው ለሁሉም ግልጽ እንዲሆን ብላ የመጨረሻውን ዓምድ በደማቁ ነበር የጻፈችው። «አንደኛ» ብላ ቀና ስትል ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሲሰበስቡ አየች፤ ወይዘሮ አስካለም ፊታቸውን ወደ ጠቦቱ አዙረዋል። ወለተሐና የወረቀቱን ቀኝ ጫፍ ወደ ኋላ አጠፈችው። ብዛቱ ከእጥፋቱ ሥር ቀረ።

አንደኛውን አነበበች፤ ሁለተኛውን አነበበች።

«ሦስተኛ፣ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራት፣ የወይዘሮ አስካለ። የራሱ ክብደት ሃያ አንድ ኪሎ። የእናቱ ግልገሎች...» አለችና ቆመች። ወይዘሮ አስካለን ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸው። «እህቱንም አግኝተናታል፣ እትዬ አስካለ። እሷም አለች።»

«አለች፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ አስካለ፣ ገመዱን ከእጃቸው ላይ እየፈቱ።