ሞላው ሳይወጣ የተለካ ዘይት

መዶሻው የመጀመሪያውን ቡጢ ያሳረፈው የእህቱ ባል የሆነው አማቹ «እንዴት ዋልክ» ብሎ ሳይጨርስ ነበር። ሰውየው የሩቅ መንገድ ሞተር ሳይክሉን እየገፋ የጋራዡን በር ከማለፉ አፍንጫው ላይ ተቀበለው። ሞተሩ በአንድ ጎን፣ ባለቤቱ በሌላ ጎን ተዘረሩ። የወደቀ አይመታም የሚሉት ነገር ለመዶሻው አይገባውም፤ ሰፈሩም «መዶሻው» የሚለውን ስም በከንቱ አላወጣለትም። ጎድኑን በጫማው ደገመው፣ በአንገትጌው አንስቶ ከመሥሪያው ጠረጴዛ ጋር አላተመው። ካቻቢቴውም፣ ቁልፉም፣ አንድ ጣሳ ሙሉ ብሎንም ወለሉ ላይ ተበተነ።

«ይሄ ለእህቴ አጥንት ነው» አለ እያለከለከ።

እህቱ ከጋራዡ ጀርባ ባለው ቤቱ ክንዷን በጨርቅ አንጠልጥላ ከተኛች ሳምንቷ ነው። ባለፈው እሑድ ከባሏ ጋር እየተነታረኩ ሞተሩ ላይ ወጡ። አንድ ጉድጓድ ላይ ሲደርሱ የፊት ጎማውን ንዝረት የሚቀበለው ሾክ እስከ ታች ገብቶ ብረት ከብረት ተጋጨ፣ መሪው ተጠመዘዘ፣ እሷ ተወርውራ አስፋልት ላይ አረፈች። ትከሻዋ ተሰበረ። «ሊያስደነግጠኝ ሆን ብሎ ነው የነዳብኝ» አለች፣ የፍቺ ማመልከቻም ጻፈች። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ልታስገባው ነው። ለወንድሟ ደግሞ፣ «ጋሼ፣ ከመጣ ጥርሱን ልቀምልኝ» ብላዋለች። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደጋት እሱ ነው፤ የጠየቀችውን ነገር ከልክሏት አያውቅም።

አማቹ መምህር ነው፣ ዝንብ እንኳ እሽ የማይል ሰው። ደሙን ተፋና፣ «ቀስ ብዬ ነበር የምነዳው» አለ። «ብቻዬን ስሆን ትንሽ ይንኳኳል፤ ሁለት ስንሆን ታች ይመታል። ክፈተውና እይ። ከዋሸሁ ግደለኝ።»

«እከፍተዋለሁ። ከዚያ እገድልሃለሁ።»

የሞተሩን ፊት በክሪክ አነሳ፣ ጎማውን ፈታ፣ ሁለቱን የሾክ ቱቦዎች መዝዞ አወጣ። ክዳናቸው ላይ የራሱ ቢጫ ቀለም ተሰምሮባቸዋል። ሌላ ሰው ከነካካው እንዲያውቅ ብሎ የዘጋውን ሁሉ እንዲህ ያሰምርበታል። መስመሩ አልተሰበረም፤ ከእሱ በኋላ የከፈተው የለም ማለት ነው። አንዱን ክዳን ፈታ፣ ጥምዝምዝ የብረት ሞላውን አወጣ፣ ቱቦውን እስከ ታች ገፍቶ ማስመሪያ ከተተበት። ዘይቱ ከአፉ አሥራ ሦስት ሳንቲም ዝቅ ብሎ መገኘት ነበረበት። ማስመሪያው አሥራ ዘጠኝ ላይ ነው የረጠበው። ሁለተኛውም ያው ሆነ፤ ዘይቱ የጎደለ ሾክ ደግሞ ክብደት ሲበዛበት እስከ ታች ይመታል። ቱቦዎቹን ከውጭ በጣቱ ጠረጋቸው፤ ደረቅ ናቸው፣ አላፈሰሱም። ዘይት ደግሞ በእግሩ አይሄድም።

ያኔ ትዝ አለው። ከሦስት ወር በፊት ይህንኑ ሾክ ሲሠራ ከአንድ ደንበኛ ጋር በስልክ ይሰዳደብ ነበር። እየተሰዳደበ ሞላውን ሳያወጣ ለካ። ባልዲ ውሃ ውስጥ ድንጋይ ሲከቱ ውሃው ከፍ እንደሚለው፣ ሞላው ውስጥ ሳለ ዘይቱም ከፍ ብሎ ይታያል። «በዛ» ብሎ ቀንሶ ዘጋው። በዚህ ስህተት ሃያ ዓመት ሙሉ በሌሎች መካኒኮች ሲያላግጥ ኖሯል።

የዘይቱ ጣሳ እጁ ሥር ነው። መምህሩ ስለ ዘይት የሚያውቀው ነገር የለም። ሞልቶ ቢዘጋ ማን ያውቃል? አንዱን ቱቦ እስከ አሥራ ሦስት ሞላው። ሁለተኛውን ሲያነሳ ግን አማቹን አየው፤ በጋራዡ ቆሻሻ ጨርቅ አፍንጫውን ይዞ እውነቱ እስኪወጣ በትዕግሥት ይጠብቃል። መዶሻው አፈረ። እንደዚያ አፍሮ አያውቅም።

«እኔ ነኝ» አለ። «ዘይቱን ያጎደልኩት እኔ ነኝ።»

መምህሩ ተነሳ። ሳምንት ሙሉ ባልሠራው ጥፋት ተወንጅሎ፣ አሁንም ተደብድቦበት፣ ጠረጴዛው ላይ ያገኘውን ረጅም የብሎን መፍቻ ቁልፍ አነሳ። መዶሻው እጁን ለመከላከል አላነሳም። የመጀመሪያው ምት ክንዱን ሰበረው፣ ሁለተኛው ጉልበቱ ላይ አረፈና ብሎኖቹ መሃል ጣለው።

በጓሮ በር እህቱ ገባች። ባሏ ብረት ይዞ ወንድሟ ላይ ቆሟል።

«አየህ ጋሼ?» አለች። «አልነገርኩህም?»

መዶሻው ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅለት ነበር።

«ማመልከቻሽን ቅደጂው» አለ ከወለሉ ላይ። «የጣለሽ እሱ አይደለም። ሾኩን አበላሽቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ወደ ባሏ ዞረች። «እውነቱን ነው?»

«ስለ ዘይት እኔ ምን አውቄ» አለ መምህሩ።

እህቱ ጠረጴዛው ላይ የቆሙትን ሁለት ቱቦዎች አየች። ጋራዥ ውስጥ ያደገች ናት፤ ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ ተመለከተች። አንዱ ሞልቷል፣ አንዱ ጎድሏል።

«ሞልተህ ዝም ልትለኝ ነበር?»

«አንዱን ሞልቼ ነበር» አለ።

በደህናው እጇ በጥፊ መታችው። ጥፊው ጉልበት አልነበረውም፤ ቢሆንም ከተሰበረው ክንዱ ይልቅ እሱ አመመው። ከዚያ ብረቱን ከባሏ ተቀብላ ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

«ና፣ ፊትህን ልጠብህ» አለችው ባሏን።

ሁለቱ በጓሮ በር ወጡ። መዶሻውን የሚያነሳው አልነበረም፤ አንሱኝም አላለም።