እንግዳው ደህና ነው

ሣህሉ ይወስዱኛል ብሎ በጠረጠረበት ሳምንት ለእህቱ ለየኔነሽ አደራ የሰጣት ስለ እንሽላሊቱ ብቻ ነበር።

እንሽላሊቱ ከሌባ ጣት አይበልጥም። አረንጓዴ ነው፤ ጀርባው ላይ ቀይ ነጠብጣብ አለው። ሣህሉ በባቡር ሠራተኝነቱ፣ መስመሩ በጦርነቱ ከመቋረጡ በፊት፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ ከአንድ መርከበኛ የተቀበለው ነው። አገሩ በባሕር መካከል ያለች ትንሽ ደሴት ናት አሉ። እንደ እኛ የግድግዳ እንሽላሊት ጨለማ አይወድም፤ ከፀሐይ ጋር ይነቃል፣ ከፀሐይ ጋር ይተኛል። ከሳህን አይጠጣም፤ ጠዋት በመስታወት ሳጥኑ ውስጥ ያለው ቅጠል ላይ ውሃ ሲረጭለት ጠብታውን ይልሳል። የላመ ፓፓያ በቆርኪ ይቀርብለታል። በእጅ ግን አይያዝም፤ ቆዳው እንደ ራሰ ወረቀት ይላጣል።

ሣህሉን በጥቅምት ፲፱፻፸ ወሰዱት። የኔነሽ ማክሰኞና ዓርብ ስንቅ ታደርሳለች። በእስር ቤቱ በር ረጅም መልእክት አይፈቀድም፤ ስለዚህ እንሽላሊቱን ማለቷ ሆኖ ለዘበኛው «ጓድ፣ እንግዳው ደህና ነው ብለው ይንገሩልኝ» ትላለች። ዘበኛው ገብቶ ባዶውን ሳህን ይዞ ይመለሳል። «ደህና ነኝ ብሏል።» ሣህሉ የሳህኑን ጨርቅ የሚቋጥረው ባቡር ላይ ጭነት በሚታሰርበት አኳኋን ነበር። የኔነሽ ቤት ስትደርስ በጥርሷ ትፈታዋለች።

ጎረቤቷ ዛምዛም ከቀፊራ ገበያ ፓፓያ ስታመጣላት ሳጥኑን እያየች ትስቃለች። «አቦ፣ ይኼስ ከኔ ባል ይሻላል። ሲጠግብ ዝም ይላል።»

«እጅሽ እንዳይነካው ብቻ» ትላለች የኔነሽ። «ከቦታውም አይነሳ።»

በጥር ወር በአንዱ ማክሰኞ፣ እሷ ስንቅ ለማድረስ በሄደችበት፣ የወባ መድኃኒት ረጪዎች ወደ ግቢው ገቡ። የኔነሽ ስትመለስ አልጋዋ፣ ድስቶቿ፣ መጻሕፍቷ ደጅ ተደርድረዋል። ሳጥኑ ግን ከነሱ መካከል የለም። የሣህሉን ቋጠሮ እንደያዘች ወደ ውስጥ ገባች። ግድግዳው ርሷል፤ ሳጥኑ በቦታው ነበር፤ የዛምዛም ሻሽ ለብሷል።

«አንቺው ነሽ አይነሳ ያልሽኝ» አለች ዛምዛም ከበሩ ላይ ሆና። «ወላሂ፣ ሌላውን ሁሉ አወጣሁ። እሱን ሸፈንኩት።»

«ልክ ነሽ» አለች የኔነሽ። «ብዬሻለሁ።»

ሳጥኑን አጠበች፤ ቅጠሉን ቀየረች። እንሽላሊቱ ረቡዕ ፓፓያውን አልቀመሰም። ሐሙስ ረፋድ ላይ ከሳጥኑ ወለል በማንኪያ አነሳችው። ያኔም በእጇ አልነካችውም።

ዓርብ በሩ ላይ ተራዋ ደረሰ።

«እንግዳው ደህና ነው ብለው ይንገሩልኝ።»

ድምፅዋ አልተለወጠም። ይህም አላስገረማትም።

ዘበኛው ገባ፤ ከወትሮው ፈጥኖ ተመለሰ። ሳህኑን ሲሰጣት የሚያየው ከኋላዋ ያለውን ሰልፍ ነበር።

«ደህና ነኝ ብሏል» አለ።

ያን ድምፅ አወቀችው። አሁን እሷ የተናገረችበት ነው።

መንገድ ላይ ጨርቁን በሁለት ጣት ሳብ አደረገችው። ቋጠሮው ተፈታ፤ ጥርስ አልፈለገም። ቆማ አየችው። ከዚያ እንደገና፣ ማንም ሰው እንደሚቋጥረው አድርጋ ቋጠረችው፤ ወደ ቤቷም ሄደች።

ማክሰኞ ስንቁን ይዛ ተሰለፈች።

«እንግዳው ደህና ነው ብለው ይንገሩልኝ» አለች።

«እነግረዋለሁ» አለ ዘበኛው፤ ሳህኑን ተቀበላት።