ወደ ካሜራው ማየት የተከለከለበት ሰርግ

ልጄ ልታገባ ሁለት ሳምንት ሲቀራት ፎቶ አንሺው የውል ወረቀት ይዞ ቤት መጣ። ልጄ "አምጪው፣ ላንብብልሽ" ስትለኝ እምቢ አልኩ። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ስምንት ወሬ ነው፤ የልጄን የሰርግ ወረቀት ራሴ አንብቤ፣ በጣቴ ሳይሆን በስሜ ልፈርም ቆርጫለሁ።

በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩ። ፎቶው ሁሉ ሰው ሳይዘጋጅ፣ በተፈጥሮው እንዳለ ነው የሚነሳው ይላል። ይሁን። ከታች "ተጨማሪ አገልግሎቶች" የሚል ዝርዝር አለ። ተጨማሪ ማለት ቅብጠት ነው ብዬ ሳላነበው ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ሰረዝኩት። ፈረምኩ። ፊርማዬ አምሮ ነበር።

የሰርጉ ዕለት ሰውየው ከጠዋት ጀምሮ ደም ብዛቴን አስነሳው። የእህቴን ጫማ ያነሳል፣ የእኔን ክርን ያነሳል፣ የተከፈተ በር ያነሳል። ቀሚሴን አስተካክዬ ቀጥ ብዬ ስቆምለት "እማማ፣ ወደ እኔ አይዩ! እንደሌለሁ ይቁጠሩኝ" ይለኛል። ያን የሚያህል ካሜራ አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ እንዴት ነው እንደሌለ የምቆጥረው?

ይህንንም ቻልኩት። አባቴ ግን ሰማንያ ሰባት ዓመቱ ነው። ሐኪሙ በስንት ልመና ፈቅዶለት አምስት ሰዓት በመኪና ተጉዞ የመጣው ከልጅ ልጁ ጋር አንድ ፎቶ ተነስቶ አልጋው ፊት ለፊት ሊሰቅል ነው። በስልክ የተነሳውን ፎቶ አይለውም። ስምንት ሰዓት ላይ ወንድሜ ይመልሰዋል። ሰባት ተኩል ሆኗል፤ እስካሁን የተነሳው ከዘራውን የያዘው እጁ ብቻ ነው።

"ልጄ፣ አባቴን ከሙሽሮቹ ጋር አስቁመህ አንሳልኝ" አልኩት።

"እማማ፣ እኔ ሰው አላሰልፍም። የቤተሰብ ፎቶ ተጨማሪ ውስጥ ነበር፤ እርስዎ ሰርዘውታል።"

ወረቀቱን አውጥቶ አሳየኝ። እውነቱን ነው። ግን የቤተሰብ ፎቶ ተጨማሪ የሚሆነው በየትኛው ሰርግ ነው?

"ፈርመሽ የለ እንዴ፣ እመት ተማሪ!" አለች እህቴ ከኋላዬ።

"አንቺ ዝም በይና ወንበር አምጪ!"

አባቴን መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኩት። ሙሽሮቹን በግራና በቀኝ፣ እኔንና እህቴን ከኋላ፣ ወንድሜን ዳር። እጅ ወደ ታች፣ አንገት ቀና። ልጄ "እማዬ፣ አሳፈርሽኝ" እያለች ቆመች።

ፎቶ አንሺው መጣ። "ምን እየሆናችሁ ነው?"

"ምን አገባህ? ማንም አላሰለፈንም። እኛ ስንገናኝ በተፈጥሯችን እንዲህ ነው የምንቆመው።"

"ሁልጊዜ?"

"ከተወለድኩ ጀምሮ" አለ አባቴ፣ ዓይኑን ካሜራው ላይ እንደተከለ።

ሰውየው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ካሜራውን አነሳ። "እሺ፣ ግን ወደ እኔ አትዩ" አለ። ማን ሰምቶት! ስድስታችንም አፈጠጥንበት። ቀጭ አደረገው።

"ዓይኔ ተከፍቷል?" አለ አባቴ።

"ተከፍቷል፣ አባባ።"

"ለማንኛውም ድገመው።"

ደገመው።