ኖልቤርቶ የጠየቀው ቋሊማ

ወንድሜ ኖልቤርቶ ሊሞት ሲል የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጎረቤታችንን የሩዴሊንዳን የደም ቋሊማ። ቄስ ጥሩልኝ አላለም፤ ሩቅ ፑንታ አሬናስ ከተማ ያለውን ልጁን እንኳ «ሥራውን ትቶ እንዳይመጣ» ነበር ያለው። ሩዴሊንዳ ደግሞ ሩቅ አገር አልነበረችም። ከእነሱ ቤት ቁልቁል፣ ከፖም ዛፎቹ ወዲያ ነው ቤቷ፤ ከደጅ ቆመው ቢጣሩ ይሰማል። ሳይቀምሰው ሞተ። ነገሩ ዛሬም ያንገበግበኛል፤ ስለዚህ ድምፄ ከፍ ቢል አትፍረዱብኝ።

የሚስቱና የሩዴሊንዳ ጠብ የተጀመረው እኔ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ከዓመታት በፊት አሳማ ያረድንበት ቀን ነበር። ወንዶቹ ውጭ፣ ዳሱ ስር፣ ስቡን በትልቁ ብረት ድስት ያነጥራሉ፤ እኛ ሴቶቹ ውስጥ ምድጃውን ከበን አንጀት እናጥባለን። አንጀት የሚያጥቡ ሴቶች ስለ ቋሊማ ካልተሟገቱ ስለ ምን ይሟገታሉ? ለእራት የሚሆነው የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ በደሴታችን በቺሎኤ ከፖለቲካ የባሰ ነው።

ኤልሲራ፣ የወንድሜ ሚስት፣ የጭስ ቋሊማ ወገን ነበረች። ሥጋውን በማሽን አትፈጭም፤ ቁጭ ብላ በቢላ ትከትፈዋለች። ነጭ ሽንኩርቱን አብዝታ፣ በርበሬውን መጥና፣ ከምድጃው በላይ ትሰቅለውና ክረምቱን ሙሉ ጭስ ታጠጣዋለች።

«እንግዳ ቢመጣ ከጣሪያ አወርድና ከድንቹ ጋር ጣል ነው» አለች። «የምን መደናገጥ? የምን መሯሯጥ?»

«የእኔ ልጆች የሚወዱት የሱቁን ነው» አለች ዙኒልዳ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን። «ውሃ ውስጥ ብቅ ጥልቅ፣ አለቀ።»

«ኧረ በማርያም! እሱ ፕላስቲክ ነው እንጂ ቋሊማ ነው?» አለች ኤልሲራ።

«ፕላስቲክም ይሁን ሳህናቸውን ይልሱታል። የእናንተን ማን ጨረሰላችሁ?»

ሩዴሊንዳ ስቀው እስኪጨርሱ ድረስ ጠበቀች። ምላሷ ስል ነው፤ ልቧ ግን ክፉ አልነበረም፣ ይህን እመሰክርላታለሁ። «እራት ማለት የደም ቋሊማ ነው» አለች። «ሩዝ፣ በስብ የበሰለ ሽንኩርት፣ እፍኝ ሙሉ ናና። በታረደበት ቀን፣ ትኩስ ትኩሱን።»

«ናና? ሻይ ልታፈዪ ነው እንዴ?» አለች ኤልሲራ።

«ሻይም ቢሆን ይዋጣል እቴ! አንቺ አምና የላክሽልንን እኮ ባሌ ጀልባውን አሰረበት። ይኸው እስከዛሬ አልተበጠሰም።»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ያን ጊዜ ኖልቤርቶ በገንዳ ጥብስ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ እሱም ገንዳው እስኪወዛወዝ ድረስ ሳቀ። ኤልሲራ ሩዴሊንዳን ዞር ብላ አላየቻትም። ያየችው ባሏን ነው። ሽርጧን ፈታች፣ አጣጠፈች፣ ወጥታ ሄደች።

ከዚያ ክረምት ጀምሮ በሁለቱ ቤቶች መካከል ዮኮ ቀረ። ዮኮ አሳማ ያረደ ቤት ለየጎረቤቱ የሚልከው ሳህን ነው፤ ሥጋው፣ ቋሊማው፣ የድንች ቂጣው። የተላከለት ሰው በተራው ሲያርድ በዚያው ልክ ይመልሳል፤ ካጎደለ መተዛዘብ ይመጣል። አንድ ነገር ግን ነውር ነው። ዮኮ አይጠየቅም። ችግረኛ እንኳ አይጠይቅም፤ ይጠብቃል። ዮኮ የተቋረጠባቸው ሰዎች ደግሞ መንገድ ላይ ሲገናኙ «እንደምን አደሩ»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ተባብለው ያልፋሉ። አብረው ያደጉ ሴቶች አንቱ ሲባባሉ መስማት ያሳፍራል።

ኖልቤርቶ የታመመው ሆዱን ነው። የካስትሮ ከተማ ሐኪሞች ከፍተው አይተው መልሰው ሰፉት፤ «ክረምቱን ያያል» አሉን፤ ከዚያ በላይ አላሉም። ምግብ እምቢ አለው። ኤልሲራ ያልሠራችለት ነገር የለም፤ የዓሣ ሾርባ፣ የዶሮ ሾርባ፣ በወተት የተፈጨ ድንች። ሁሉንም ቀምሶ ይመልሰዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አልጋው አጠገብ ተቀምጠን ሳለ እጁን ያዘችው። «አንተ፣ ምን ልሥራልህ? በል ንገረኝ። ምንም ይሁን አመጣልሃለሁ።»

አሰበ። ፊቱ በራ፤ ከታመመ ወዲህ እንዲያ ሲበራ አላየሁም። «የሩዴሊንዳን የደም ቋሊማ» አለ።

ቃሉ ካፉ እንደወጣ ተጸጸተ። የኤልሲራ ፊት ላይ የሆነውን እኔም አየሁ፣ እሱም አየ። «ኧረ ቀልዴን ነው» አለ ቶሎ ብሎ። «ያንቺን አምጪልኝ፣ የጭሱን።» አመጣችለት። አኘከ፣ አኘከ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር አኘከ። «እጅሽ ይባረክ፤ ግሩም ነው» አላት። ዞር ስትል ግን ከአፉ አውጥቶ መሐረቡ ውስጥ ሸሸገው። ገና በሩን አላለፈችም ነበር። አይታዋለች።

ወጥ ቤት ተከትያት ገባሁ። «አሁኑኑ ወርጄ እነግራታለሁ» አልኳት። «ሁለት ቃል ናት።»

«ከሄድሽ እዚህ ቤት እግርሽ እንዳይደርስ!»

«አብደሻል እንዴ? ሰውዬው እየሞተ ነው!»

«ዕድሜዬን ሙሉ ያበላሁት እኔ ነኝ፣ ኦርፌሊና። እኔ! አሁን ሄጄ ‹ባሌ የእኔ አይዋጥለትም፣ ያንቺን ስጪው› ልበላት? እሷን? መንደሩ ምን ይላል?»

«መንደሩ ገደል ይግባ!»

«እሺ፣ እሱን ጠይቂው። ሂጂ ካለሽ ሂጂ።»

ገባሁና ጠየቅሁት። በቀጭን ጣቶቹ ቀሚሴን ያዘ። «ተዪ እትዬ» አለኝ። «ለአንጀት ብዬ ኤልሲራን አላዋርዳትም። ያን ቀን መሳቄ ይበቃኛል። ቃል ግቢልኝ።» ምን ልበለው? እየሞተ ላለ ወንድም እምቢ አይባልም። ቃል ገባሁለት።

በማግስቱ ኤልሲራ አሳማዋን አሳረደች። በበጋ! ዝንቡ እንደዚያ እየወረረ፣ አሳማው ገና ጎኑ ሳይሞላ! ሊያርዱ የመጡት ወንዶች አንገታቸውን እየነቀነቁ ቢላቸውን ሳሉ። ደሙን በገንዳ ተቀበለች፤ መጀመሪያ ራሷ ልትሞክረው ነበር አሳቧ። ሩዝ ጨመረች፣ ናናም ጨመረች። ግን የደም ቋሊማ ከሠራች ዓመታት አልፈዋል፤ አንጀቱን አጥብቃ ሞላችው፣ ውሃውንም አፈላችው። ሁሉም ድስቱ ውስጥ ፈነዳ። ከጥቁሩ ገንፎ አንድ ማንኪያ ወሰደችለት። «መልካም ነው» አላት። ሁለተኛውን ግን አልቻለም።

ያን ጊዜ ሳህኑን አዘጋጀች። መጀመሪያ የሞላችው የሩዴሊንዳን ነው፤ ሙሉ ጎድን፣ ትልቅ ጥቅል የጭስ ቋሊማ፣ ገና እንፋሎቱ ያልጠፋ የድንች ቂጣ። «አንቺ ውሰጂላት» አለችኝ። «በየዓመቱ ከመንደሩ ቀድማ የምታርደው እሷ ናት፤ ዝናቡ እንደጀመረ። ዮኮዬን ትመልሳለች። ሐኪሙም ክረምቱን ያያል ብሏል። ሳልለምናት በገዛ እጇ ታመጣዋለች።» ነገሩ ቢያናድደኝም ብልሃቷ ገባኝ። እኔም በዚያው ተስፋ አደረግሁ።

ሩዴሊንዳ በሩን ስትከፍት እጇ ዱቄት ነበር። ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች። «ኤልሲራ ናት የላከችው? ለእኔ?»

«ለአንቺ።»

«ምን ነካት?»

«አረደች፣ ላከች። በቃ።»

ጨርቁን ገለጥ አድርጋ የጎድኑን ልክ ስታይ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ይህችን ሴት እኮ እወዳት ነበር» አለች። «እመልስላታለሁ። እንዴት አድርጌ እንደምመልስ ታያላችሁ!»

ዝናቡ ጀመረ። ኤልሲራ ጠዋት ጠዋት በፖም ዛፎቹ በኩል ያለውን መስኮት ትከፍትና ጆሮዋን ትጥላለች። የሚታረድ አሳማ ጩኸት ከሩቅ ይሰማል።

«በረደኝ እኮ፣ ዝጊው» ይላታል ኖልቤርቶ።

«ትንሽ አየር ይግባልህ» ትለዋለች።

ዙኒልዳ አረደች። እኛ አረድን። ከዙኒልዳ ቤት ዮኮ መጣ፣ ከእኔም ቤት ሄደ፤ እሱ ግን ሁሉንም ጠረን ብቻ አሽትቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። የሩዴሊንዳ አሳማ ዝም። በአጥር በኩል ባያት የተቀቀለ ድንች በባልዲ ትገለብጥለታለች፤ እሱም ቆሞ መብላት አቅቶት ተኝቶ ይበላል።

«ምነው ዘንድሮ ዘገየሽ?» አልኳት።

«ይወፍር ብዬ ነው። የዘንድሮው ለቁም ነገር ነው የሚፈለገው!»

«በናትሽ ቶሎ እረጂው ሩዴሊንዳ። ይኸው ወፍሯል፣ ምን ቀረው?»

ሳቀችብኝ። «አንቺ ሆዳም! ለአንቺም ይደርስሻል፣ አይዞሽ!»

ለወንድሜ ቃል ስለገባሁ ያቺን ሁለት ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ይዤ ተመለስሁ። የሩዴሊንዳን መልስ ለኤልሲራ ስነግራት የምትሠራውን ትታ ቆመች። «ለእኔ ብላ ነው» አለች። «ያሳፈረችኝን ለመካስ ብላ ነው የምታወፍረው።» ወደ ኖልቤርቶ ክፍል አየች፣ ወደ በሩም አየች። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የዝናብ ቦቲዋን እስከማድረግ ደርሳ ነበር። ከዚያ ተቀመጠች። «ነገ» አለችኝ። «ነገ ካላረደች እኔው ራሴ እወርዳለሁ።»

ኖልቤርቶ ነገን አላገኘውም። ሊነጋጋ ሲል፣ እጁ በእጇ ውስጥ እንዳለ፣ ትንፋሹ ቆመ።

ሩዴሊንዳ ለቅሶው ላይ ከማንም ቀድማ ደረሰች። ኩባያ አጠበች፣ እንጨት ፈለጠች፣ የዘጠኙን ቀን ጸሎት አንድም ቀን ሳታጓድል አብራን ደገመች። ኤልሲራ አላለቀሰችም። መቃብሩ ላይ እንኳ አላለቀሰችም፤ ሰው ሁሉ ታዝቧት ነበር። ጸሎቱ ባለቀ ማግስት ሁለታችን ድንች ስንልጥ ከታች ጩኸቱ መጣ፤ ረጅም፣ የወፍራም አሳማ ጩኸት። ኤልሲራ ቢላዋን አስቀመጠች።

«አረደች» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ሩዴሊንዳ ራሷ መጣች፤ ሰው አልላከችም። የያዘችውም ሳህን ሳይሆን በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ገንዳ ነው። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ገለጠችው። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጥቅል በጥቅል የደም ቋሊማ። የናናው ሽታ ቤቱን ሞላው።

«ዘገየሁ፣ ይቅር በይኝ» አለቻት። አንቱታው ቀርቷል። «ያን የመሰለ ሳህን ልከሽልኝ በከሲታ አሳማ ልመልስ? አላደርገውም ብዬ ነው። እንዲያውም ያኔ ሳህንሽ ሲመጣ ከባለፈው ክረምት የተረፈ የደም ቋሊማ ፍሪዘር ውስጥ ነበረኝ። ባሌ ‹እሱን ቶሎ ላኪላት› ቢለኝ ‹ለትኩስ ዮኮ የከረመ በረዶ እመልሳለሁ? ሰው ምን ይለኛል?› ብዬ ተቆጣሁት።»

ኤልሲራ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። «ኖልቤርቶ ጠይቆ ነበር» አለች።

«ምን?»

«ይህንን። ምን ልሥራልህ ስለው ያንቺን የደም ቋሊማ አለኝ። በበጋ ያረድኩት ለዚያ ነው። እንድትመልሺልኝ።»

ሩዴሊንዳ እርጥብ ካፖርቷን እንደለበሰች ወንበር ላይ ወደቀች። «በበጋ?» አለች። «ያኔ እኮ ቤቴ ነበረ። ቤቴ ነበረ፣ ኤልሲራ! በመስኮት ብትጠሪኝ እኮ በባዶ እግሬ እመጣ ነበር። ለምን አልጠራሽኝም?»

«የጀልባ ገመድ ስላልሽኝ።»

«የምን ገመድ?»

«ቋሊማዬን። እዚያ ኦርፌሊና ቤት፣ ሰው ሁሉ ፊት። እሱም ሳቀ።»

ሩዴሊንዳ ወደ እኔ ዞረች፤ ከእኔ ፊት ላይ ትዝታውን ልትፈልግ መሰለኝ። አላገኘችውም። «አላስታውሰውም» አለች። «ማርያምን አላስታውሰውም። እኔ እኮ ስንቱን እላለሁ... አፌ ስንቱን ይላል!» ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ኤልሲራ ቢላዋን አንሥታ ከጥቅሉ አንድ ቁራጭ ቆረጠች። ቆማ ቀመሰችው። ቀስ ብላ አኘከች፤ ከዚያ ተቀመጠችና ሌላ ቆረጠች። ሁለተኛውንም ዋጠች።

«ጥሩ ነው» አለች። «እውነቱን ነው። ከእኔ ይሻላል።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ቀብሩ ላይ ያላወጣችውን ሁሉ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ አወጣችው፤ «አንድ ጉርሻ ነበር የፈለገው፣ አንድ ጉርሻ ብቻ» እያለች። ሩዴሊንዳ ልትይዛት ተነሣች፤ እጇን ዘርግታ ትከሻዋ አጠገብ ስትደርስ መንካቱን ፈራችና እዚያው ቆመች። እኔም ከተቀመጥሁበት አልተነሣሁም።